አሮጌው መጋዘን ምን ይነግረናል?

ፊደል ቆጥራችሁ ማንበብ የጀመራችሁ ሁሉ ደብተርና እርሳሳችሁን ያዙ። የዛሬው ቃላችን «መጋዘን» ነው። መ፣ ጋ፣ ዘ፣ ን። አራት ፊደል ነው። አነበባችሁት? ደግ።

ከአብነት ተነሥታችሁ ወደ መርካቶ ስትሄዱ ብዙ መጋዘን ታያላችሁ። እህል ያለበት አለ፤ በርበሬ ያለበት አለ፤ ቆርቆሮና ሚስማር የታጨቀበትም አለ። በአዲሶቹ ፎቆች መካከል አልፎ አልፎ አንድ አሮጌ መጋዘን ብቅ ይላል። ጣሪያው ዝጓል፤ ግድግዳው ተልጧል። አላፊ አግዳሚው «ይኼ ደግሞ መቼ ነው የሚፈርሰው?» ብሎ ያልፋል። ቅርስ ሲባል ትዝ የሚለን የአክሱም ሐውልት፣ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት፣ የጎንደር ግንብ ነው። እውነት ነው፤ እነሱ ቅርስ ናቸው። ጆንያ የሚከመርበት ቤትስ?

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን ትልቁ ገበያ መርካቶ አልነበረም፤ አራዳ ነበር፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ። ቡናው፣ ቆዳው፣ ሰሙ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱ ከየአገሩ እየተጫነ ይመጣል። ከባሕር ማዶ ደግሞ አቡጀዲውና ሌላው ሸቀጥ ይገባል። ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ እስኪደርስ ድረስ ቀሪው መንገድ የግመልና የበቅሎ ነበር። ታዲያ ስንት ቀን ተጉዞ የመጣ ዕቃ ሜዳ ላይ ይጣላል? ዝናብ አለ፤ ሌባ አለ፤ አይጥ አለ። ለነጋዴው መጋዘን ማለት ግማሽ ሀብቱ ነው።

የድሮውን አሠራር ልብ በሉ። ግድግዳው በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ ወፍራም ነው፤ ውስጡን ቀዝቃዛ ያደርገዋል። መስኮቱ ትንሽና ከፍ ያለ ነው፤ አየር ያስገባል፤ ሌባ አያስገባም። ወለሉ ከመሬት ከፍ ይላል፤ እርጥበት ጆንያውን እንዳያበሰብሰው ነው። ከፊት ለፊቱ በምሰሶ የቆመ መጠለያ አለ። ዕቃው የሚመዘነው፣ ዋጋው የሚቆረጠው፣ ተሸካሚው ትንፋሽ የሚሰበስበው እዚያ ነው። ይህ መጠለያ በረንዳ ይባላል። አሁን «እህል በረንዳ»፣ «በርበሬ በረንዳ» የሚሉትን ስሞች አስቡ። የሰፈሩ ስም ውስጥ የቤት አካል አለ እኮ! «መጋዘን» የሚለው ቃል ራሱ ሥሩ ዐረብኛ ነው። «መርካቶ» በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው። «በረንዳ»ም ከባሕር ማዶ የመጣ ቃል ነው። ንግዱ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ቃልም ይዞልን መጣ።

በዚያ ዘመን ስማቸው ከገነነ ነጋዴዎች መካከል መሐመድ አሊ የተባለው የሕንዶች ኩባንያ አንዱ ነው። በሐረር ጀምሮ በኋላ በአዲስ አበባ ተስፋፋ። አራዳ ላይ የነበረው ሕንፃው ከከተማይቱ የጥንት የንግድ ቤቶች አንዱ ሆኖ ሲጠቀስ ኖሯል። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ንግዱን ለራሱ ኩባንያዎች ፈለገው። በ1929 ዓ.ም. የመሐመድ አሊን ኩባንያ ከአገር አስወጣ። አራዳን ለነጮች ከልሎ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረ። የዛሬው መርካቶ የተተከለው እንዲህ ነው። ስለዚህ የአራዳን መጋዘንና የመርካቶን መጋዘን ጎን ለጎን ያየ ሰው ገበያው ለምን ቦታ እንደለወጠ ይጠይቃል። ሕንፃ የታሪክ ምስክር ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ምስክሩ ከሌለ ጥያቄውም አይነሣም።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ስለ ጥንታዊ ቅርስ አዋጅ ቁጥር 229 ወጣ። አዋጁ ጥንታዊ የሚለው ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠራውን ነው። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው መቼ ነው አልን? በ1879። ከ1879 ላይ 1850 ቀንሱ። 29 ይቀራል። እንግዲህ በዚያ አዋጅ ከተማይቱ 29 ዓመት ዘግይታ ተወልዳለች ማለት ነው! የከተማዋ መጋዘን ቀርቶ ቤተ መንግሥቷም በዓመቱ ምክንያት ከአዋጁ ውጭ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ግን እንዲህ ያለ የዓመት አጥር የለውም። የሚጠይቀው ነገሩ ለታሪክ፣ ለባህል፣ ለሳይንስ ወይም ለኪነ ጥበብ ያለውን ዋጋ ነው። በዚህ መለኪያ መጋዘንም በሩ ተከፍቶለታል።

በሌላ አገርስ? በጀርመን አገር ሃምቡርግ በምትባል የወደብ ከተማ፣ በቀይ ጡብ የተሠራ ትልቅ የመጋዘን ሰፈር አለ። ቡና፣ ሻይና ቅመማ ቅመም ይከማችበት ነበር። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መዘገበው። ቤተ መንግሥት አይደለም፤ የቡና ጆንያ ማስቀመጫ ነው።

«አሮጌ ቤት ውስጥ የምንኖረው እኛ ነን፤ ጣሪያው የሚያፈሰው እኛ ላይ ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ለመንግሥት ከሆኑ ወዲህ ብዙ አሮጌ ቤት በአነስተኛ ኪራይ ተይዟል። ኪራዩ ለድሃው በጀው፤ ለጥገና ግን አልበቃም። አሮጌ የሆነ ሁሉ ይቀመጥ ማለትም አይቻልም። አንዳንዱ መጋዘን አራት ግድግዳ ብቻ ነው። ነገር ግን የትኛው ይቅር፣ የትኛው ይፍረስ የሚባለው ታይቶና ተመዝግቦ መሆን አለበት። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤት ፈርሷል። ከፈረሰ በኋላ መመዝገብ የለም።

አሮጌ መጋዘን ውስጥ የምትሠሩ፣ ይህን ልብ በሉ። የጭቃና የድንጋይ ግድግዳ ጠላቱ ውኃ ነው። ክረምት ሳይገባ አሸንዳውን ጥረጉ። የተላጠውን ግድግዳ በሲሚንቶ አትለስኑት። ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፤ ከላይ ያማረ ይመስላል፤ ከውስጥ ይበሰብሳል። ኖራ ይሻላል፤ ግድግዳው ይተነፍስበታል። ይፈርሳል የሚል ወሬ ስትሰሙ ደግሞ የከተማውን የባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ ጠይቁ።

አሁን ወደ ደብተራችን። በሰፈራችሁ ካሉት አሮጌ መጋዘኖች አንዱን ምረጡ። ዕድሜ የጠገቡ ነጋዴ ወይም ተሸካሚ ፈልጋችሁ «አባባ፣ እዚህ ቤት ድሮ ምን ይቀመጥ ነበር? የማን ነበር?» በሏቸው። የነገሯችሁን በሦስት መስመር ጻፉ። ከላይ የሰፈሩን ስም፣ ከታች የጻፋችሁበትን ቀንና ዓመተ ምሕረት አስፍሩ።