የፑልሳር ራዲዮና ከአሶሳ ሰማይ በላይ ያለው ጅረት

እ.ኤ.አ. በ1967 ጆስሊን ቤል በካምብሪጅ በየ1.337 ሰከንዱ የሚደጋገም የራዲዮ ምት መዘገበች። የምቱ ምንጭ ፑልሳር የተባለ የሚሽከረከር የኒውትሮን ኮከብ መሆኑን ለማወቅ ብዙ አልፈጀም። ኮከቡ ራዲዮውን እንዴት እንደሚያመነጭ ግን ዛሬም ያከራክራል።

ኮከቡ ከፀሐይ የሚበልጥ ቁስ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ታጭቆበታል፤ የማግኔት ጉልበቱም ከምድር ትሪሊዮን ጊዜ ያህል ይበልጣል። ሽክርክሪቱ በማግኔት ዋልታዎቹ ላይ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጥራል። በዚህ መስክ የተወረወሩ ኤሌክትሮኖች ጋማ ጨረር ይለቃሉ፤ ጨረሩም ወደ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ጥንዶች ተለውጦ አካባቢውን በፕላዝማ ይሞላዋል።

ችግሩ የምልክቱ ድምቀት ነው። እያንዳንዱ ቅንጣት በየፊናው ቢያበራ ኖሮ እንዲህ ያለ ድምቀት የትኛውም ቁስ ሊደርስበት የማይችል ሙቀት ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ ቅንጣቶቹ እንደ ሰርግ ቤት ጭብጨባ እኩል መምታት አለባቸው። አስማሚው ማን ነው? የፊዚክስ ሊቃውንቱ ሩደርማንና ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1975 የሁለት ጅረት አለመረጋጋትን ጠቆሙ፦ ፈጣኑ ጅረት በዝግተኛው ውስጥ ሲያልፍ ማዕበል ያድጋል፤ ማዕበሉም ቅንጣቶቹን ያቧድናል። ሐሳቡ ያምራል፤ ነገር ግን ማዕበሉ ቶሎ አያድግም የሚል ትችት ገጠመው። ኡሶቭ ፕላዝማው በየጊዜው እየፈነዳ ከወጣ የኋለኛው ደመና ፈጣን ቅንጣቶች የፊተኛውን ዘገምተኞች ይደርሱባቸዋል ብሎ አሻሻለው። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ፊሊፖቭና ባልደረቦቹ በኮምፒውተር ስሌት፣ ጥንዶቹ ሲፈጠሩ የኤሌክትሪክ መስኩ ራሱ እየተወዛወዘ ራዲዮ እንደሚለቅ አሳዩ። ለእኔ ይህኛው ይበልጥ ያሳምናል፤ ማዕበሉ ከፕላዝማው እንዴት ያመልጣል የሚለውን አሮጌ ጥያቄ ያቀልላልና።

የሁለት ጅረት አለመረጋጋት ዘመድ ግን ሩቅ አይደለም። የምድር የማግኔት ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ፣ 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቀን ቀን የኤሌክትሪክ ጅረት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ፣ ከአሶሳ ወደ ደብረ ዘይት አቅጣጫ ይፈስሳል። እዚያ አየሩ አዮኖቹን ሲያግዳቸው ኤሌክትሮኖቹ ጥለዋቸው ይሄዳሉ። የፍጥነታቸው ልዩነት በፕላዝማው ውስጥ ካለው የድምፅ ፍጥነት ሲያልፍ ማዕበል ይነሣል፤ ፋርሊና ቡነማን እ.ኤ.አ. በ1963 በየግላቸው አስረድተውታል። ይህ ማዕበል እንደ ፑልሳሩ ራዲዮ አያፈነጥቅም፤ የራዳርን ምልክት ግን ይመልሳል።

የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ መሥራች፣ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዋን፣ በዚህ ጅረት ምክንያት በቀትር ከፍ ማለት የነበረበት የማግኔት ንባብ አንዳንድ ቀን ሲወርድ አስተውለው እ.ኤ.አ. በ1962 አሳተሙት፤ ጅረቱ ወደ ኋላ ዞሮ ነበር።

የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች የሚያዩት ብርሃን እንጂ ራዲዮ አይደለም። ይህን የጥናት መስክ የሚመኝ የፊዚክስ ተማሪ ግን የራዲዮ አንቴና እስኪተከል አይጠብቅ፤ የአዲስ አበባን የማግኔት መዝገብ ከፍቶ ይጀምር።