ንፁህ ነው ወይስ ለስላሳ?

ዴንቨር ውስጥ በምሠራበት የቁርጥራጭ ብረት ግቢ፣ ሴፕቴምበር ሲቃረብ «ንፁህ እርሳስ አላችሁ?» የሚሉ ደንበኞች ይበዛሉ። ኮሎራዶ ውስጥ ከአፈሙዝ በሚጎረስ ጠመንጃ ኤልክ የሚታደነው በዚያ ወር ነው። ሰዎቹ አረራቸውን ራሳቸው አቅልጠው ያፈስሳሉ፤ ለእነሱ ጠንካራ እርሳስ አይሆንም።

ምክንያቱ የቆየ ነው። ፈረንሳዊው መኮንን ክሎድ ኤቲየን ሚኒዬ በ1849 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያወጣው አረር ከአፈሙዙ ትንሽ ስለሚጠብ ቶሎ ይጎረሳል። ባሩዱ ሲነድ ጋዙ ጎድጓዳ ቂጡን ገፍቶ ያሰፋውና ከጠመንጃው ጥምዝ ቦዮች ጋር ያጣብቀዋል። እርሳሱ ከጠነከረ ግን ቂጡ አይሰፋም፤ ጋዙ በጎን ያመልጣል፣ ዒላማውም ይሳታል። ለዘመናዊ ሽጉጥ የሚያፈስሱት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጠንከር ያለውን ይመርጣሉ። ስለዚህ ደንበኛው ዋጋ ሳይጠይቀኝ በፊት እኔ ለምን እንደፈለገው እጠይቀዋለሁ።

ብዙዎቹ እርሳሱን በጥፍራቸው ይጭሩታል። ንፁህ እርሳስ በእርግጥ ይጫራል፤ ችግሩ ትንሽ አንቲሞኒ የገባበትም መጫሩ ነው። ሲሚንቶ ላይ ጥሎ ማዳመጥ ይሻላል፦ ለስላሳው «ዱብ» ብሎ ዝም ይላል፣ ቅይጡ ያቃጭላል። እኔ የማምነው ግን ሞርሳውን ነው። በታወቀ ንፁህ እርሳስና በማይታወቀው መካከል የኩሽኔታ ቢሊያ አስገብቼ አጠብቃለሁ። ግፊቱ ለሁለቱም እኩል ስለሆነ የጥንካሬያቸው ልዩነት በጉድጓዶቹ ስፋት ይታያል። በንፁሁ ላይ 6 ሚሊሜትር፣ በሌላው 4 ሚሊሜትር ከወጣ፣ 36 ለ16 ማካፈል ነው፤ ሁለተኛው ከሁለት እጥፍ በላይ ይጠነክራል። ንፁህ እርሳስ በብሪኔል መለኪያ 5 ገደማ ስለሆነ ሌላው 11 አካባቢ ነው ማለት ነው፤ በቅንጥብ የሚያዘው የድሮ የጎማ ባላንስ እርሳስ ብዙ ጊዜ እዚያው ግድም ይውላል። የድሮ ማተሚያ ቤቶች ፊደል የሚያፈስሱበት የላይኖታይፕ እርሳስ 12 በመቶ አንቲሞኒና 4 በመቶ ቲን ስላለበት 20ን ያልፋል።

ትናንት የፈሰሰ ጡብ ይዞ የሚመጣ ሰው ግን ይቆየኝ። አንቲሞኒ ያለበት እርሳስ ከፈሰሰ በኋላ ለቀናት መጠንከሩን ይቀጥላል፤ ትኩሱን ውሃ ውስጥ የከተተው ከሆነማ የበለጠ ይጠነክራል። የዛሬው ቁጥር የሳምንቱ ላይሆን ይችላል።

ሞርሳው የማይነግረኝም አለ። 5 በመቶ ቲን ያለበት እርሳስ ወደ 10 ይጠጋል፤ ከጎማ ባላንሱ በጉድጓድ ስፋት ብቻ መለየት ይከብዳል። ስለዚህ ከየት እንደወጣ መጠየቅ ግድ ነው። ከኤክስሬይ ክፍል ግድግዳ የተነቀለ ሉህ አያሳስበኝም። የድሮ የውሃ ቧንቧም ጥሩ ነው፤ መገጣጠሚያዎቹ ግን በቲን ስለተበየዱ ተቆርጠው ይውጡ። የጎማ ባላንስ ክምር ውስጥ ዛሬ ብረትና ዚንክ ሞልቷል። ፒንሳ እርሳሱን ይቆርጣል፣ ዚንኩ ላይ ጥርሱ አይገባም። ሳይለቀም ድስት ውስጥ ከገባ እሳቱን መቀነስ ያዋጣል፦ እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ ዚንክ እስከ 419 ይታገሣል፤ ሲንሳፈፍ በጭልፋ ይለቀማል። አንዴ ከቀለጠ ግን ፈሳሹ ይወፍራል፣ ቅርጽ አይሞላም፤ ቤት ውስጥ መለየቱም ከልፋቱ ጋር አይመጣጠንም።

የመኪና ባትሪ ፈትቶ ለማቅለጥ የሚያስብ ሰው ሲመጣ ክርክር አላበዛም። ሳህኖቹ ካልሲየም፣ አንቲሞኒና አርሴኒክ ሊኖርባቸው ይችላል፤ አተላቸው እርጥበት ሲነካው ገዳይ ጋዝ ሊያወጣ ይችላል። ባትሪውን እንዳለ እንገዛዋለን፣ ለማቅለጫ ፋብሪካ ይሄዳል።

ምንጩ ያልታወቀ ጡብ በእኔ ሚዛን ላይ የሚገዛው በጠንካራው ዋጋ ነው። ባለቤቱ ቅር ካለው፣ ሞርሳውና ቢሊያው ጠረጴዛው ላይ አሉ።