ስለ ደጋ ሰው ደምና ስለ ደም ልገሳ

ዲንሾ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በእንዲህ ያለው ስፍራ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን በቆላ ከሚያገኘው ያነሰ ነው። ኦክሲጅንን ከሳንባ ተቀብሎ ወደ አካላት ሁሉ የሚያደርሰው በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ የሚገኘው ሄሞግሎቢን ነውና፣ የደገኛው ደም ከቆለኛው ይለይ ይሆን ወይ ብለው ሊቃውንት መጠየቃቸው አያስደንቅም።

ይህን ጥያቄ ይዘው ወደ አገራችን ተራሮች ከወጡት መካከል አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢልና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሐኪም ዶክተር አምሃ ገብረመድኅን ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2002 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጥናት፣ በስሜን ተራሮች 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው የሄሞግሎቢናቸው መጠን በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው እምብዛም የማይለይ ሆኖ አገኙት። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢን በከፍታው ምክንያት እንደሚጨምር አስቀድሞ ይታወቅ ስለነበር፣ ውጤቱ ብዙዎችን አስገረመ። በ2012 በወጣው ጥናት ደግሞ የባሌ ነገር ከስሜኑ የተለየ ሆኖ ታየ። ይኸውም በባሌ ተራሮች ከፍታ የሚኖሩ ኦሮሞዎች ሄሞግሎቢን በዝቅተኛ ስፍራ ከሚኖሩት ወገኖቻቸው ከፍ ያለ ነበር።

ከዚህ ነገር እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን የነፍሰ ጡር ሴት ጉዳይ ነው። በዝቅተኛ ቦታ የነፍሰ ጡር ሄሞግሎቢን በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ከ11 ግራም ሲያንስ የደም ማነስ አለባት ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ልኬቱ እንደ ከፍታው እንዲታረም ይመክራል፤ በ3000 ሜትር ላይ እርማቱ 2 ግራም ያህል ይደርሳል። ስለዚህም ልኬቷ 12 የሆነ የዲንሾ ሴት «ጤነኛ ነሽ» ተብላ ስትሸኝ በእውነቱ ደም ያነሳት ልትሆን ትችላለች። እንዲህ ያለችው እናት በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ቢፈሳት የምትቋቋምበት አቅም አነስተኛ ነው። ሮቤን አልፋ ጎባ ሆስፒታል እስክትደርስ መንገዱ ራሱ ጊዜ ይወስዳል፤ ስትደርስም ደሙ ተዘጋጅቶ ሊጠብቃት ይገባል።

የደም ዓይነቶችን ለይቶ ያሳወቀው ኦስትሪያዊው ካርል ላንድሽታይነር ሲሆን፣ ግኝቱን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1901 ነበር። ከዚያ በፊት የአንዱን ደም ለሌላው መስጠት አንዳንዱን ሲያድን አንዳንዱን ይገድል ነበር፤ ምክንያቱንም የሚያውቅ አልነበረም። በአገራችን ብሔራዊ የደም ባንክ በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አማካይነት በ1969 ተቋቁሞ፣ በ2012 ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተዛወረ። ቀድሞ ደም ይገኝ የነበረው በአመዛኙ ከበሽተኛው ዘመዶች ነበር፤ ዘመድ የሌለው መንገደኛ ምን ይደርስበት እንደነበር አንባቢ ይገምተው።

የተለገሰ ደም ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ እስከ 35 ቀን ይቆያል። የዲንሾ ሌሊት ከማቀዝቀዣ በምን ያንሳል የሚል ቢኖር፣ ውርጭ ቀይ ሕዋሳቱን ስለሚያፈርሳቸው የቀዘቀዘ እንጂ በረዶ የሆነ ደም ለበሽተኛ እንደማይሰጥ ይወቅ። ደሙም ለሌላ ሰው ከመሰጠቱ በፊት ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት በሽታ ቫይረሶችና ለቂጥኝ ይመረመራል።

ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ የማያንስና ጤናማ የሆነ ሰው በየ3 ወሩ ሊለግስ ይችላል። «ደሜ ያልቃል» የሚለው ስጋት በከተማችንም ይሰማል። በአዋቂ ሰው ውስጥ 5 ሊትር ያህል ደም ሲኖር የሚወሰደው ከግማሽ ሊትር ያነሰ ነው፤ ፈሳሹ በአንድ ሁለት ቀን፣ ቀይ ሕዋሳቱ ደግሞ በጥቂት ሳምንታት ይተካሉ።

መምህራንን በተለይ የምናስታውሳቸው በአንድ ምክንያት ነው። ከለጋሾች ብዙዎቹ ተማሪዎች ስለሆኑ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ክረምት የደም ክምችት ይቀንሳል። በሰኔ መጨረሻ የተለገሰው ደም ነሐሴ 5 ቀን ላይ የአገልግሎት ጊዜው ያበቃል፤ እስከ መስከረም ያለውን ጊዜ የሚሸፍነው በከተማ የሚከርመው ሰው በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ የሚሰጠው ደም ነው።