መሪው በራሱ ሲዞር

የሰው ልጅ ድካሙን የሚያቃልልለት መሣሪያ ከመፈለግ ዐርፎ አያውቅም። ትናንት በእጁ ይፈጭ የነበረው ዛሬ በወፍጮ፥ ትናንት በእግሩ ይጓዝ የነበረው ዛሬ በመኪና ሆኗል። አሁን ደግሞ መኪናውን ማቆም እንኳ ታክቶት፥ ሥራውን ለመኪናዋ ለራሷ ትቶላት እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ጀምሯል። ይህ ተረት የሚመስል ነገር ከባሕር ማዶ ተሻግሮ በአገራችን ጎዳናዎች ላይ መታየት ስለ ጀመረ፥ እኛም በካፋ ዞን ያየነውንና የሰማነውን ለአንባብያን ለማካፈል ወደድን።

ከዩኒቨርሲቲ አብሮን የወጣ አንድ ጓደኛችን ዛሬ በቦንጋ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ይሠራል። በቅርቡ የአጎቱን አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ተውሶ ከአዲስ አበባ ይዞን ወረደ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የእንዲህ ያሉት መኪናዎች ቁጥር እየበዛ መሄዱን አንባብያን ያውቁታል። ጅማ ላይ አድረን፥ ሌሊቱን ሙሉ ኤሌክትሪኩን ስንሞላ ቆይተን፥ በማግስቱ ደኑን በግራና በቀኝ እያየን ቦንጋ ገባን።

ቦንጋ በኮረብታ ላይ የተሠራች፥ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት። ዝናሟም ብዙ ስለ ሆነ ከመንገዱ ዳር ዳር የጎርፍ መውረጃ ቦይ ያስፈልጋታል። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተቋቁሞ የአስተዳደሩ መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ደግሞ መሥሪያ ቤቱም፥ እንግዳውም፥ መኪናውም ጨምሯል። ስለዚህ ማቆሚያ ቦታ መፈለግ ለአዲስ አበባ ሰው ብቻ የተሰጠ ጣጣ መሆኑ ቀርቷል።

ካረፍንበት ሆቴል ፊት ለፊት፥ በአንድ ላንድክሩዘርና በአንድ አይሱዙ መካከል አንዲት መኪና የምታስገባ ባዶ ቦታ አገኘን። መኪና በማስቆም ሳንቲም የሚለቅም፥ ዐሥራ አራት ዓመት የሚሆነው ልጅ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ «ና ጋሼ፥ ና፥ ና!» እያለ ወደ ኋላችን ዞረ። ጓደኛችን ግን ፈገግ አለና መስኮቱን ዘግቶ «ዛሬ ረዳት አያስፈልገንም፤ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ» አለን። አንዲት ቁልፍ ተጫነ። መሪው ማንም ሳይነካው ወደ ቀኝ ተጠመዘዘ፤ መኪናዋ ወደ ኋላ ሸርተት አለች፤ ከዚያም መሪው ወደ ግራ ተመለሰ። ወደ አይሱዙው ፓራውልት በቀረብን ቁጥር ቲት ቲት የሚለው ድምፅ እየፈጠነ ሄደ። እኛ በአድናቆት ስንመለከት ልጁ ከውጭ መስተዋቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየን እንጂ ቃሉን አልሰማንም። ወዲያው «ጓ!» የሚል ድምፅ ተሰማና መኪናዋ ወደ አንድ ጎን አዘነበለች። የኋላው ቀኝ ጎማ ሣር ከሸፈነው ቦይ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ልጁ ሲጮኽ የነበረው፥ ኋላ እንደ ነገረን፥ «ጋሼ፥ በቃ! ቦይ አለ!» እያለ ነበር።

የጓደኛችን ፊት አመድ መሰለ። የኤሌክትሪክ መኪና ዋነኛ ሀብቷ ባትሪዋ ነው፤ እሱም የተነጠፈው ከወለሏ ሥር ነው። ድንጋይ ቢያገኘው ኖሮ የአጎቱን ዕዳ በወር ደመወዙ የሚጨርሰው መቼ እንደ ሆነ እሱ ራሱ ያውቃል። በባትሪዋ ምክንያት ክብደቷም ቀላል ስላልሆነ ስምንት ሰዎች ተሸክመውና ገፍተው፥ ያ ልጅም ድንጋይና ሳንቃ እያመጣ ከጎማው ሥር እየደለደለ፥ በብዙ ድካም ወጣች። ደግነቱ የተጫረው የጎኗ ቀለም ብቻ ነበር። በዚያ ያልፉ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቆም ብለው «ልጆቼ፥ አባቶቻችን ጉድጓድ የሚቆፍሩት ለጠላት ፈረስ ነበር፤ ለካ መኪናም ይይዛል» ብለው ሁላችንንም አሳቁን። እውነታቸውን ነው። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ዓ.ም. እስከ ተማረኩ ድረስ የካፋ መንግሥት ጠረፉን የሚያስጠብቀው ጥልቅ ጉድጓድ በማስቆፈርና በር በማቆም ነበር።

እንግዲህ ይህ ብልኅ መሣሪያ ቦዩን እንዴት ሳያይ ቀረ? መልሱን ለማግኘት አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል።

በመኪናዋ የፊትና የኋላ ፓራውልት ላይ እንደ አዝራር የተተከሉ ትንንሽ ክቦች አሉ፤ ብዙውን ጊዜ ዐሥራ ሁለት ናቸው። እነዚህ የሰው ጆሮ የማይሰማውን ቀጭን ድምፅ ይለቃሉ። ድምፁ ዕቃ ሲያገኝ እንደ ገደል ማሚቶ ተመልሶ ይመጣል። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፥ አንድ ሜትር ከራቀ ግድግዳ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ከሴኮንድ ሺህ እጅ ስድስቱ ገደማ ነው። የመኪናዋ አንጎል ይህን ጊዜ ለክቶ ርቀቱን ያሰላል። የሌሊት ወፍ በጨለማ ውስጥ ግድግዳ ሳትመታ የምትበርበትም ጥበብ ይኸው ነው። መኪናዋ በባዶው ቦታ አጠገብ በዝግታ ስታልፍ ርዝመቱን ትለካለች፤ ይበቃኛል ካለች ኤሌክትሪካዊ ሞተር መሪውን እያዞረ ያስገባታል።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ ድምፁ ተመልሶ የሚመጣው የሚመልሰው ነገር ሲያገኝ ነው። ጉድጓድ ግን ባዶ ነው፤ ባዶ ነገር ደግሞ ማሚቶ የለውም። እንዲሁም የተወጠረ ቀጭን ገመድ፥ ከፓራውልት በታች ያለ ዝቅተኛ ድንጋይ፥ ድምፅ የሚውጥ ወፍራም ልብስ ሊያመልጡት ይችላሉ። መሣሪያው የተሠራው ጠርዙ በድንጋይ ለታነጸ፥ መስመሩ በቀለም ለተሰመረ ከተማ ነው። ይህም የመሣሪያው ጥፋት አይደለም፤ የመኪናዋ መምሪያ መጽሐፍ ኃላፊነቱ የነጂው መሆኑን አስጠንቅቆ ይሆናል። የጓደኛችን መኪና መጽሐፍ ግን የተጻፈው በቻይንኛ ነበር!

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ብሩክስ ዎከር የሚባሉ አሜሪካዊ በሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ገደማ ከመኪና ኋላ ወርዶ ጭራዋን ወደ ጎን የሚያሽከረክር አምስተኛ ጎማ ሠርተው አሳይተው ነበር፤ ነገር ግን ገበያ አላገኘላቸውም። መሪ በራሱ ዞሮ መኪና የሚያቆምበት መሣሪያ ለሕዝብ የተሸጠው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. በጃፓን፥ በቶዮታ ፕሪየስ ላይ ነው። አሜሪካም በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም አዲስ የቤት መኪና የኋላ ካሜራ እንዲኖረው በሕግ አስገድዳለች። ይህ ሕግ የወጣው ለቅንጦት አይደለም፤ ወደ ኋላ በሚነዱ መኪናዎች የሚገጩ ሕፃናት ጉዳይ ወላጆችን አስለቅሶ፥ ሕግ አውጪዎችን ስላነቃ ነው።

በዚያው ምሽት ቡና እየጠጣን ከልዩ ልዩ ሾፌሮች ጋር ስለዚሁ ጉዳይ ተጨዋወትን። በመንግሥት መኪና ብዙ ዘመን ያገለገሉ አንድ ሾፌር «ጩኸቱን አልጠላውም፤ ነገር ግን የካፋ ጭቃ ሲለጠፍበት ምንም ሳይኖር ይጮኻል፥ ወይም ሊጮኽ ሲገባው ዝም ይላል። እኔ ጧት ጧት በእርጥብ ጨርቅ ሳልጠርገው አልነሣም» አሉን። መንዳት ከተማረች ሁለት ዓመት ያልሞላት አንዲት መምህርት ደግሞ በተቃራኒው «ካሜራ ያላት መኪና እስካገኝ ድረስ ባጃጆች ከኋላዬ ጡሩምባ ሲነፉብኝ እጄ ይንቀጠቀጥ ስለ ነበር፥ ሩቅ አቁሜ በእግሬ እመለስ ነበር፤ አሁን ግን ማንንም አልፈራም» ስትል መሣሪያውን አመሰገነች። ሦስተኛው፥ ቀድሞ በደረሰባቸው አደጋ አንገታቸው እንደ ልብ የማይዞርላቸው ሰው ናቸው። «ለእናንተ መጫወቻ ይሆናል፤ ለእኔ ግን ምርኩዜ ነው» አሉ። ይህን ከሰማን በኋላ መሣሪያውን ለመንቀፍ አልደፈርንም።

በመጨረሻ ጓደኛችን ራሱ ተናዘዘ። ለመንጃ ፈቃድ ሲፈተን በምሰሶዎች መካከል የኋልዮሽ ካስገባበት ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ በራሱ እጅ እንደዚያ አቁሞ አያውቅም። «መስኮቱን የዘጋሁት ብርድ ፈርቼ አይደለም፤ ልጁ ሲመራኝ ሰው እንዳያየኝ ብዬ ነው» አለን።

ይህ ቃል እኛንም ነካን። ከትምህርት ቤት ወጥተን ወንበር የያዝን ወጣቶች ብዙዎቻችን ይህ በሽታ አለብን። መሣሪያ የሰጠንን ቁጥር እናምናለን፤ ሜዳ ላይ ቆሞ ነገሩን በዓይኑ የሚያየው ሰው ሲናገር ግን መስኮት እንዘጋለን። ከቀበሌ የመጣው ባለጉዳይ ድልድዩ ተሰብሯል ሲለን፥ ሪፖርቱ ተሠርቷል ይላል ብለን እንመልሰዋለን። ሪፖርቱ ማሚቶ ነው፤ የተጠየቀውን ይመልሳል እንጂ ያልተጠየቀውን ጉድጓድ አያሳይም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ መኪና የሚነዳ ሁሉ ሦስት ነገር ቢያስታውስ መልካም ነው። አንደኛ፥ ወደማያውቀው ቦታ ከመግባቱ በፊት ወርዶ በዓይኑ ይይ፤ ሣር የሸፈነውን ሁሉ ሜዳ ነው አይበል። ሁለተኛ፥ ካሜራውንና የድምፁን መለኪያ ከጭቃ ያጽዳ። ሦስተኛ፥ እግሩ ከፍሬን አይራቅ፥ መስኮቱም አይዘጋ፤ ከመኪናው ኋላ ያለ ሕፃን ሊጮኽ ይችላልና።

በማግስቱ ጧት ከዚያው ቦታ ደረስን። ጓደኛችን መስኮቱን እስከ ታች ከፈተና ልጁን «ወንድሜ፥ እስቲ ምራኝ» አለው። ቁልፏንም ተጫነ። መሪው በራሱ ሲዞር ልጁ ከኋላ «ና፥ ና፥ ቀስ!» ይል ጀመር፤ «በቃ!» ሲል ጓደኛችን ፍሬኑን ረገጠ። ወርደን ስናይ በጎማውና በቦዩ መካከል የቀረው ሁለት ስንዝር ያህል ነበር። መሣሪያው ግን ገና ቦታ አለ እያለ ዝም ብሎ ነበር። ጓደኛችን ለልጁ የሁለቱን ቀን ዋጋ ከፈለው።