ከከንቲባነት እስከ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት

ስለ አሜሪካ መንግሥት ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ፕሬዚዳንቱንና በዋሽንግተን ያለውን ምክር ቤት ነው። ነገር ግን ከ50ዎቹ ግዛቶች እያንዳንዱ የራሱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት አለው። የትምህርት ቤቶችን ሥርዓትና የአብዛኛውን ወንጀል ቅጣት የሚወስነው ይኸው የግዛቱ ምክር ቤት ነው። የዚህን ሥራ ጠባይ ለጓደኞቼ፣ ለመምህራንና ለወላጆች ለማስረዳት የአንዲት ሴት የሥራ ታሪክ መርጫለሁ። እርሳቸውም የቴክሳስ ግዛት የፕላኖ ከተማ ከንቲባ፣ በኋላም የግዛቱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል የነበሩት ወይዘሮ ፍሎረንስ ሻፒሮ ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ፕላኖ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከዳላስ በስተ ሰሜን የምትገኝ የዳርቻ ከተማ ናት። በ1960 የሕዝብዋ ቁጥር 3,700 ያህል ብቻ ነበር። በ1980 ከ72,000 በላይ ሆነ፤ በ1990 ደግሞ ወደ 128,000 ደረሰ። እንዲህ በፍጥነት በምታድግ ከተማ የማዘጋጃ ቤት ጭንቀት ምን ያህል እንደሚበዛ መገመት አያስቸግርም። ውኃው፣ መንገዱ፣ የፍሳሽ መውረጃው፣ የእሳት አደጋ መከላከያው ሁሉ ከሕዝቡ ኋላ እንዳይቀር መፋጠን አለበት። ወይዘሮ ሻፒሮ ቀድሞ መምህርት ነበሩ። በ1979 የከተማው ምክር ቤት አባል ሆኑ፤ 11 ዓመት ካገለገሉ በኋላም ከ1990 እስከ 1992 በከንቲባነት ሠሩ።

በእኛ አገር ከንቲባ ሲባል ከተማውን በሙሉ የሚያዝ ትልቅ ሹም ይታየናል። በፕላኖ ግን እንዲህ አይደለም። የዕለት ሥራውን የሚያካሂደው ምክር ቤቱ የሚቀጥረው ሥራ አስኪያጅ ነው። ከንቲባው ምክር ቤቱን በሊቀ መንበርነት ይመራል፤ ድምፁም እንደ ሌሎቹ አባሎች አንድ ነው። ስለዚህ ሥራው ከማዘዝ ይልቅ ማስማማት ነው። ደግሞም ሕዝቡ ቅርብ ነው። መንገዱ ቢበላሽ ወይም ውኃው ቢቋረጥ የተቈጣው ሰው በሚቀጥለው ስብሰባ ፊት ለፊት ቆሞ ይናገራል።

ወይዘሮ ሻፒሮ በ1992 ምርጫ አሸንፈው በጥር 1993 በሪፐብሊካን ፓርቲ ስም ወደ ግዛቱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ገቡ፤ እስከ 2013ም 20 ዓመት ቆዩ። በዚያ ምክር ቤት ያሉት አባሎች 31 ብቻ ስለ ሆኑ፣ በዚያን ጊዜ አንዱ እንደራሴ ከግማሽ ሚሊዮን ለሚበልጥ ሕዝብ ይናገር ነበር። መደበኛው ጉባኤ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ቢበዛ ለ140 ቀን ይቀመጣል። የአባሉ ደመወዝም ከቀን አበሉ በቀር በወር 600 ዶላር ነው። ስለዚህ ሌላ መተዳደሪያ የሌለው ሰው ይህን ሥራ በቀላሉ አይዘልቀውም። ይህ የሥርዓቱ ጉድለት ይመስለኛል፤ ድኻውን ከወንበሩ ያርቀዋልና።

ከሠሩዋቸው ሕጎች ሁለቱን ላንሣ። በ1993 በፕላኖ መናፈሻ፣ የእግር ኳስ ጨዋታ ከሚካሄድበት ስፍራ፣ አንዲት የ7 ዓመት ልጅ ተወስዳ ተገደለች። ቀድሞ በልጅ ላይ በፈጸመው ወንጀል ታስሮ ጊዜውን ሳይጨርስ የተለቀቀ አንድ ሰው በ1994 በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብሎ ሞት ተፈረደበት። በ1995 ወይዘሮ ሻፒሮ በልጅቱ ስም «የአሽሊ ሕጎች» የተባሉትን አቀረቡ። በልጆች ላይ ነውር የሚፈጽሙ ሰዎች ቅጣታቸው እንዲጠብቅ፣ ከእስር ሲወጡም እንዲመዘገቡ ተደነገገ። ይሁን እንጂ የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ነገሩን ለወጠው፤ በ2008 ሰውየው በዚህ ግድያ የተፈረደበት ፍርድ ተሻረ። ሕጎቹ ግን አልተሻሩም፤ ልጆችን መጠበቅ የሚጠላ የለምና። የፍርዱ ስሕተት የፍርድ ቤት ነው እንጂ የወይዘሮ ሻፒሮ አይደለም። ሆኖም ሕዝብ በኀዘንና በቁጣ ላይ ሳለ የሚወጣ ሕግ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያሻው ከዚህ ይታያል።

ሁለተኛው እኛን ተማሪዎችን የሚነካ ነው። ወይዘሮ ሻፒሮ የትምህርት ኮሚቴ ሊቀ መንበር በነበሩበት ጊዜ፣ በ2007፣ ያቀረቡት ሕግ የሁለተኛ ደረጃውን አጠቃላይ ፈተና አስቀርቶ በየትምህርቱ ማብቂያ ፈተና እንዲሰጥ አዘዘ። ሕጉ የጀመረው በ2011 ወደ 9ኛ ክፍል በገቡት ላይ ነው። ተማሪ ሊመረቅ የሚፈተናቸው ፈተናዎች 15 ሆኑ። ብዙ ወላጆች «በዛ» ብለው አጉረመረሙ፤ በ2013 ምክር ቤቱ 15ቱን ወደ 5 አወረደው። በዚያው ዓመት ጥር ወይዘሮ ሻፒሮ ምክር ቤቱን ለቀው ስለ ነበር የቀነሱት ሌሎች ናቸው።

ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት በሁለቱ ሥራዎች መካከል ያለው ልዩነት የሥልጣን መጠን ብቻ አለመሆኑን ነው። የከንቲባ ሥራ ውጤቱ በሳምንት ይታያል፤ የሕግ አውጪ ሥራ ግን ውጤቱ የሚታየው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ሕጉን ያወጣው ሰው ከወንበሩ ከተነሣ በኋላ ነው። አስቀድሞ በማዘጋጃ ቤት የሠራ ሰው ውሳኔ በሰው ኑሮ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ በዓይኑ አይቶአልና ለሕግ አውጪነት ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ይህ ብቻ ግን አይበቃም። አንድ ሕግ ሲወጣ ከስንት ዓመት በኋላ ተመልሶ እንደሚመረመር አብሮ ቢወሰን፣ 15ቱን ፈተና እንደ ተሸከሙት ተማሪዎች ያሉት ጩኸታቸውን የሚሰማ ሰው ቶሎ ያገኙ ነበር።