ስዊቾቹ እንዴት ተያያዙ?

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 2002 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ የሚገኘው የቤዝ እስራኤል ዲያኮነስ ሆስፒታል ኔትወርክ ከሥራ ውጪ ሆነ። የላቦራቶሪ ውጤት ለሐኪሙ፣ የመድኃኒት ትእዛዝ ለፋርማሲው በኮምፒውተር መድረሱ ቀረ። ለአራት ቀናት ያህል ሐኪሞችና ነርሶች ሥራቸውን በወረቀት ሠሩ። የሆስፒታሉ የኢንፎርሜሽን ኃላፊ ጆን ሃላምካ ግን ጉዳዩን አልደበቁም፤ ሌሎች ተቋማት እንዲማሩበት በይፋ ተናገሩ።

ሆስፒታሉን የጎዳው የአንድ ዕቃ መበላሸት አልነበረም። ኔትወርኩ ለዓመታት ስዊች በስዊች ላይ እየተቀጠለ ያደገ ነበር። አንድ ተመራማሪ እጅግ ብዙ ፋይል በኔትወርኩ ማስተላለፍ ሲጀምር ስዊቾቹ ተጨናነቁ፤ መንገድ የሚመርጡበት ሥርዓትም ተናጋ። ዛሬ ለመሥሪያ ቤቱ ስዊች ሊገዛ የተነሳ ሰው ከዋጋና ከፖርት ብዛት አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ይኸው ስዊቾቹ የሚገናኙበት መንገድ ነው።

የስዊች ሥራ ሲታይ ቀላል ነው። እያንዳንዱ የኔትወርክ ካርድ 48 ቢት ርዝመት ያለው ማክ አድራሻ አለው። ስዊቹ በየፖርቱ የሚገባውን መልእክት የላኪ አድራሻ እያነበበ ማን በየትኛው ፖርት እንዳለ በሠንጠረዥ ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ ለአንዱ ኮምፒውተር የተላከውን ለእሱ ብቻ ያደርሳል። ከስዊች በፊት የነበረው ሃብ ግን በግቢ መሐል ቆሞ እንደሚጣራ ሰው የመጣለትን ሁሉ ለሁሉም ያሰማ ነበር። ካልፓና የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመጀመሪያውን የኢተርኔት ስዊች እ.ኤ.አ. በ1990 ገበያ ላይ ሲያወጣ ባለ 7 ፖርት ነበር፤ ኩባንያውን ሲስኮ በ1994 ገዛው።

ችግሩ የሚመጣው ስዊቹ የማያውቀው አድራሻ ሲያጋጥመው ነው። እንዲህ ያለውን መልእክትና ለሁሉም የሚላከውን ጥሪ፣ ከገባበት ፖርት በስተቀር በሁሉም በኩል ያሠራጫል። ሁለት ስዊቾች በሁለት ኬብል ቢገናኙ አንዱ የላከውን ሌላው በሁለተኛው ኬብል ይመልስለታል፤ መልእክቱም መዞር ይጀምራል። በኢንተርኔት ፓኬት ላይ ዕድሜውን የሚገድብ ቁጥር አለ፤ ስዊቾች በሚለዋወጡት የኢተርኔት ፍሬም ላይ ግን የለም። ስለዚህ ዙሩ በራሱ አይቆምም፤ በአጭር ጊዜ መሥመሩን ሁሉ ይሞላዋል። ባለሙያዎች ይህን ሉፕ ይሉታል። አንድ ሠራተኛ ጠረጴዛው ሥር ያገኘውን ኬብል ሁለቱንም ጫፍ ግድግዳው ላይ ቢሰካው እንኳ ሊፈጠር ይችላል።

መፍትሔውን እ.ኤ.አ. በ1985 ያበጀችው በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ትሠራ የነበረችው ራዲያ ፐርልማን ናት። ስፓኒንግ ትሪ በተባለው ዘዴዋ ስዊቾቹ አጫጭር መልእክት እየተለዋወጡ አንዱን ዋና ይመርጣሉ፤ ቀለበት የሚፈጥሩትን መሥመሮች ዘግተው በመጠባበቂያነት ያቆያሉ። የሚሠራው መሥመር ሲቋረጥ የተዘጋው ይከፈታል። የቀድሞው ሥርዓት የጊዜ ስሌት ግን በመንገዱ ላይ ከ7 ያልበለጡ ስዊቾች ይኖራሉ በሚል የተቀመጠ ነበር፤ የቦስተኑ ሆስፒታል የራጅ ምስል ኔትወርክ ደግሞ ከማዕከሉ 10 እርከን ርቆ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ መሥሪያ ቤት ልብ የማይለው ነገር አለ። ዋናውን ስዊች ባለሙያው ካልወሰነ ስዊቾቹ በራሳቸው ይመርጣሉ፤ የሁሉም የቅድሚያ ቁጥር እኩል ከሆነ ዝቅተኛ ማክ አድራሻ ያለው ይመረጣል። ይህ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በአንድ ጥግ የተረሳ አሮጌ ስዊች ይሆናል። ስለዚህ ጠንካራውን ስዊች መሐል አስቀምጦ ቅድሚያውን ለእሱ መስጠት፣ የየፎቁን ስዊች በቀጥታ ከእሱ ጋር ማገናኘት ይገባል። ሦስተኛው ፎቅ በሁለተኛው፣ አራተኛው በሦስተኛው በኩል እንዲያልፍ ከተደረገ ግን ከታች ያለው አንዱ ሲጠፋ ከላይ ያሉትን ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

ይህን ማስተካከል የሚቻለው ማኔጅድ በሚባለው ስዊች ላይ ነው። እንዲህ ያለው ስዊች የፋይናንስ ክፍሉን፣ የእንግዶችን ዋይፋይና የደኅንነት ካሜራዎችን በአንድ ዕቃ ላይ ወደ ተለያዩ ቪላኖች (በአንድ ስዊች ላይ ተለያይተው ወደሚሠሩ ኔትወርኮች) ለመክፈልም ያስችላል። አምስት ኮምፒውተር ብቻ ያለው አነስተኛ ቢሮ ግን ማኔጅድ ባልሆነ ስዊች ሊብቃቃ ይችላል።

ቀጥሎ ሒሳቡ ይመጣል። 24 ኮምፒውተሮች እያንዳንዳቸው በ1 ጊጋቢት ተገናኝተው ወደ ሰርቨሩ የሚወስደው መሥመርም 1 ጊጋቢት ከሆነ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲሠሩ መጨናነቁ አይቀርም። ትላልቅ ፋይሎች በሚዘዋወሩበት ቢሮ 10 ጊጋቢት የሚያወጣ የፋይበር ፖርት ያለው ስዊች ይመረጣል። ካሜራና ስልክ በኬብሉ በኩል ኤሌክትሪክ የሚያገኙ ከሆነ ደግሞ የስዊቹ ጠቅላላ ዋት መታየት አለበት፤ 370 ዋት የሚሰጥ ባለ 24 ፖርት ስዊች እያንዳንዳቸው 30 ዋት የሚመደብላቸውን ዕቃዎች የሚችለው እስከ 12 ብቻ ነው።

የመዳብ ኬብል ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም። ካት 6 ኬብል 10 ጊጋቢት የሚያደርሰው እስከ 55 ሜትር ገደማ ሲሆን ካት 6ኤ ግን ሙሉውን 100 ሜትር ይሸፍናል። ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ፋይበር መዘርጋት ይሻላል፤ ርቀቱን ከመቻሉም በላይ መብረቅ የሚያስከትለውን የኤሌክትሪክ ግፊት ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው አያሻግርም።

ኔትወርኩ ተዘርግቶ ርክክብ ከመፈረሙ በፊት አንድ ፍተሻ ይቀራል። ሠራተኛው ከወጣ በኋላ ተጠባባቂ ካላቸው ኬብሎች አንዱን መንቀል፣ ስልኩና ካሜራው በስንት ሰከንድ እንደሚመለሱ መመዝገብ፣ ከዚያም መልሶ መሰካት። ፐርልማን ያበጀችው የመጀመሪያው ሥርዓት ለመመለስ ከ30 እስከ 50 ሰከንድ ይወስድበታል፤ የተሻሻለው ራፒድ ስፓኒንግ ትሪ ግን በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይመልሳል። ውጤቱ ከሚጠበቀው ከዘገየ ማስተካከያው ኔትወርኩን የዘረጋው ባለሙያ እዚያው እያለ ይጠየቃል።