በወሊድ ጊዜ ስለሚደርስ ድንገተኛ የደም መፍሰስ

በጉና ግርጌ ባሉት መንደሮች አንዲት ሴት ምጥ በያዛት ጊዜ ጎረቤቶቿ ተሰብስበው «ማርያም ማርያም» እያሉ ይማጸናሉ፤ ሕፃኑም በሰላም ሲወለድ እልልታው ይሰማል፥ ገንፎውም ይገነፋል። ይሁን እንጂ ትልቁ አደጋ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከእልልታው በኋላ ነው።

በእርግዝና መጨረሻ ወደ ማሕፀን በየደቂቃው ግማሽ ሊትርና ከዚያም የሚበልጥ ደም ይገባል። የእንግዴ ልጁ ሲለቅ የተከፈቱትን የደም ሥሮች ጨምቆ የሚዘጋቸው ራሱ የማሕፀኑ ጡንቻ ነው። ጡንቻው ደክሞ ካልተኮማተረ ግን፥ የቀረበው ቡና በረካ ሳይደርስ እናቲቱ ልትሞት ትችላለች። በአንዳንድ ቤት «የከረመ ደም ነው፥ ይውጣላት» ይባላል፤ ከዚህ የከፋ ምክር አላውቅም። ጨርቁ ቶሎ ቶሎ ከራሰ፥ ፊቷ ከገረጣ፥ ቀዝቃዛ ላብ ካላባት ሽማግሌ ሰብስቦ መመካከሪያ ጊዜ የለም።

ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ወይም በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ስትደርስ ብዙ እጅ በአንድ ጊዜ ሊሠራላት ይገባል። አንዱ ሆዷን እያሸ ማሕፀኑ እንዲኮማተር ያደርጋል፤ ሌላው በሁለቱ ክንዶቿ መርፌ አግብቶ ፈሳሽ ይሰጣታል፥ የደሟንም ዓይነት ያስመረምራል። ኦክሲቶሲን የተባለው መድኃኒት ማሕፀኑን ያኮማትራል። የእንግዴ ልጁ ቁራጭ ቀርቶ እንደ ሆነ፥ የተቀደደም አካል እንዳለ ይመረመራል። ትራኔግዛሚክ አሲድ የሚባለው ደግሞ የረጋው ደም ቶሎ እንዳይሟሟ ይጠብቃል። በ21 አገሮች ከ20,000 በሚበልጡ ሴቶች ላይ ተደርጎ በ2009 ዓ.ም. የታተመው ጥናት እንዳሳየው፥ ይህ መድኃኒት ከወሊድ በኋላ በ3 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ በደም መፍሰስ የሚመጣውን ሞት በሲሶ ያህል ይቀንሳል፤ ከዚያ ካለፈ ግን ጥቅሙ አልታየም። ደሙ አሁንም ካላቆመ በማሕፀኗ ውስጥ የሚነፋ የላስቲክ ከረጢት ይገባል፥ ወይም ቀዶ ሕክምና ይደረጋል።

እንግዲህ ሦስቱ ሰዓት የሚቆጠረው ከሆስፒታሉ በር ሳይሆን ከወሊዱ ነው። በክረምት ጭቃ ወሳንሳ ተሸክሞ ከደጋው ወደ መኪና መንገድ እስኪወረድ ግማሹ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ባል የሆነ ሰው ሚስቱ ስምንተኛ ወሯን ስትይዝ ተሸካሚውን፥ መኪናውንና ደም የሚሰጠውን ዘመድ አስቀድሞ ይወስን፤ ደም ከሰው ክንድ እንጂ ከሌላ ከየትም አይገኝምና። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቀኗ ሲቃረብ በጤና ጣቢያው አጠገብ ባለው የእናቶች ማቆያ ብትሰነብት ነው። ደሙ በመንገድ ቢመጣባት ጋደም ትበል፥ ትሸፈን፥ ሕፃኑንም ታጥባ፤ መጥባቱ ማሕፀኑን ያኮማትራልና።

የአርባና የሰማንያ ቀን ሥርዓት ወደ ቤተ መቅደስ ስለ መግባት የተሠራ ነው እንጂ አራስን ከሐኪም ቤት የሚከለክል አይደለም። ደሟ ሲፈስ አሥራ ሁለት ዓመት የኖረችውን ሴት ጠቅሰው «ሐኪም ምን ይሠራል?» የሚሉም አሉ። ታሪኳን ከጻፉልን አንዱ ቅዱስ ሉቃስ ግን ራሱ ባለ መድኃኒት ነበር።

ደሙ ከቆመ በኋላም ለብዙ ሳምንት ድካም ይኖራታል። የብረት ክኒን በሐኪሙ ትእዛዝ ትዋጥ፤ ነገር ግን ከቡናና ከሻይ ጋር አይሁን፥ ኃይሉን ይቀንሱታልና። አራስ ጾም የለባትምና ሥጋውም ዕንቁላሉም ይቅረብላት።